አቶ ይገዙ ደህና ናቸው

ዲቦራ ከሐንጋሪ ስትመጣ ሰው ሁሉ የጠየቃት አንድ ነገር ነበር፤ «መጣሽ ወይስ ተመለስሽ?» የመጣ ሰው ይሄዳል፤ የተመለሰ ይቀራል። እሷ ግን ሁለት ዓመት አልፎም መልሱን አላወቀችውም። የተማረችበትን ከተማ አባቷ አቶ ይገዙ «ደብረ ጨን» እያሉ ሲጠሩት ገዳም ስለሚያስመስሉት፣ ጠበል አላመጣሽልንም ወይ ያሏት የሰፈር ሴቶችም ነበሩ። የተማረችው የምግብ ምህንድስና ነው። አምቦ ላይ ለዚህ ሙያ የተለጠፈ ማስታወቂያ እስካሁን አላየችም።

ደብረ ጨን ሳለች ከመጽሐፉ ይልቅ ያቆያት ቀልድ ነበር። ፀሐይ ከአሥር ሰዓት በፊት በምትጠልቅበት ክረምት አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ የአገር ቤት ልጆች ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትን እያየች ብቻዋን ትስቃለች። አብራት የምትኖረው የቬትናም ልጅ ምን እንደሚያስቃት ስትጠይቃት ማስረዳት ትጀምርና መሃል ላይ ትተወዋለች። ቀልድ ሲያስረዱት እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ይደርቃል።

አምቦ ገብታ ሥራ ስታጣ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዋን ሃዊን ይዛ አንድ ገጽ ከፈተች። ስሙን «ጋዝ የሌለው» አሉት። አምቦ ላይ ውሃ ያዘዘ ሰው ሁሉ የሚቀርብለት ጥያቄ ጋዝ ያለው ነው ወይስ የሌለው ስለሆነ፣ ስሙ ብቻውን ያስቃል ብለው አስበው ነበር። አላሳቀም። ዲቦራ የውጭ አገር ቀልዶችን በአማርኛ፣ ሃዊ በኦሮምኛ እየተረጎሙ ወራት ለጠፉ፤ ተከታዮቻቸው የሃዊ የአክስት ልጆችና ሳይታሰብ የገባ አንድ ጫማ ነጋዴ ብቻ ነበሩ።

ገጹን በእግሩ ያቆመው የአቶ ይገዙ ፊት ነው።

አቶ ይገዙ በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አያታቸው ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ስለሆኑ ቤተሰቡ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ይናገራል፤ አቶ ይገዙ ግን በሁለቱም ብዙ አይናገሩም። ፊታቸው ለደስታም ለሐዘንም አይለወጥም። ሎተሪ ደረሰዎት ቢሏቸውም ቤትዎ ተቃጠለ ቢሏቸውም ግንባራቸው ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሬዲዮ ታቅፈው ተቀምጠው ሳለ ዲቦራ ፎቶ አነሳቻቸውና ያንኑ አንዱን ሁለት ጊዜ ደርድራ፣ ከላይኛው ሥር «መብራት መጣ ሲባል»፣ ከታችኛው ሥር «መብራት ሄደ ሲባል» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ገጹን የሚከተለው ሰው ለቁጥር አስቸገረ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለገም። «ልጁ ዲግሪ ይዛ ከውጭ ስትመለስ።» ያው ፊት። «ልጁ ዲግሪ ሳትይዝ ከውጭ ስትመለስ።» ያው ፊት። «የሙሽራው ሽማግሌዎች ልጁ የራሱን ሥራ ነው የሚሠራው ሲሉ።» ያው ፊት። ከጌዶ እስከ ሆለታ ያለ ወጣት አቶ ይገዙን አወቃቸው። እሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዙ ገጹን አያውቁትም። ገበያ ሲወጡ ልጆች ፈገግ እያሉ እጅ ሲነሷቸው፣ «የዘንድሮ ልጅ ሽማግሌ ማክበር ጀምሯል» ብለው ለዲቦራ ነገሯት። ዲቦራ ልትነግራቸው አስባ ነበር። በየሳምንቱ ታስብ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ዋጋ የጨመረ ሰሞን፣ ዲቦራና ሃዊ አዲስ ነገር አወጡ። አቶ ይገዙ ለመታወቂያ ብለው ክራቫት አስረው የተነሱትን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አደረጉት። ጥግ ላይ የሚነድ ሻማ ጨመሩበት። ከሥሩ «የአባታችን የወር ፓኬጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀኑ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፤ ወዳጅ ዘመድ ዳታ በማጋራት ያጽናናን» ብለው ጻፉ። ሃዊ እስክታለቅስ ሳቀች። ማታ ሲያዩት ከዚያ በፊት ከለጠፉት ሁሉ በላይ ተጋርቶ ነበር፤ ሰዉም ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እያለ ይቀልዳል።

እሁድ ጠዋት የአቶ ይገዙ በር ተደበደበ። ራሳቸው ሄደው ከፈቱ። የጉደሩ የአጎታቸው ልጅ ማዕረግ ነበር፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ የከፈተለት ሰው ትከሻ ላይ ተደፋ። ሚስቱ ከኋላው ደረቷን ይዛለች። አቶ ይገዙ የማዕረግን ጀርባ መታ መታ አደረጉ።

«አይዞህ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉ። «ማነው የሞተው?»

ማዕረግ ድምፁን ሲሰማ ማልቀሱን አቆመ። ነጠላውን ከዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«አንተ ነህ» አለ።

ዲቦራ በረንዳው ላይ የጥርስ ብሩሽ ይዛ ቆማ ነበር። የሆነውን ሁሉ በአንድ አፍታ ተረዳችው። በእነ ማዕረግ አገር የሽማግሌ ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሚወጣው ሽማግሌው ሲሞት ብቻ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን የሚያነብ የለም፤ ፊቱን ያዩታል፣ ሻማውን ያያሉ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ መኪና ይሳፈራሉ። ደውሎ መጠየቅም ነውር ነው። ሐዘንተኛን «ሞቱ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ በስልክ የሚጠይቅ ባለጌ ዘመድ በምዕራብ ሸዋ አልተወለደም።

«ፎቶዬን ማነው ያወጣው?» አሉ አቶ ይገዙ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ቀልድ ነው።»

ፊታቸው አልተለወጠም። ዲቦራ ይህን ፊት በአርባ ሺህ ሰው ፊት ስትተረጉመው ኖራ አሁን ምን እንደሚል ማንበብ አልቻለችም።

«ቀልዱን ተይው» አለች የማዕረግ ሚስት ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኛስ መጣን፣ አየን። ባኮ ያለችው ጌጤነሽ ናት እንጂ። ትናንት ማታ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ተሰብስበው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ መርዶ ሊነግሯት ተነጋግረዋል። ከዚያው ነው የሰማነው።»

አቶ ይገዙ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ባኮ አግብተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ አንድ ልጃቸውን ኦሊቃን ይዘው ይኖራሉ። ልባቸው ታማሚ ነው። ሐኪሙ ጨውና ድንጋጤ ከልክሏቸዋል። ጨውን እንኳ እየሰረቁም ቢሆን ቀንሰዋል።

ዲቦራ ለኦቦ ዲንሳ ደወለች። ኦቦ ዲንሳ የወይዘሮ ጌጤነሽ ጎረቤትና የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ዲቦራ ነኝ፣ የይገዙ ልጅ። አባዬ ደህና ነው።»

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ ኦቦ ዲንሳ፤ ድምፃቸው በሐዘን ለስልሷል። «ደህና ናቸው። እኛም ብትጠይቀን እንደዚያው ነው የምንላት።»

«አይ፣ እውነቴን ነው። አልሞተም። ምንም አልሆነም።»

«ትንሽ አሟቸው ነው፤ ገብቶኛል። አይዞሽ፤ እስከ ነገ ማንም አይነግራትም። አንቺ ብቻ በርቺ።»

ሰው ሲሞት ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ሐኪም ቤት ነው። ዲቦራ ሌላ ቃል ፈለገች፤ በአማርኛ አጣች፤ በኦሮምኛ «ፈያ ዳ» ብትል ያው ደህና ነው ማለት ነው። አቶ ይገዙ ስልኩን ከእጇ ወሰዱ።

«ዲንሳ፣ እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል ኦቦ ዲንሳ፣ «ማን ልበል? የጉደሩ ማዕረግ ነህ? ድምፃችሁ ሲመሳሰል። እግዜር ያጽናችሁ፣ ወንድሜ» አሉ።

በቪዲዮ ሞከሩ። ባኮ ላይ ኔትወርኩ እየመጣ ይሄዳል። የአቶ ይገዙ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ ቆመ፤ ኔትወርኩ ይዞት ይሁን ራሱ ፊቱ እንደዚያ ስለሆነ መለየት አልተቻለም። «አባዬ፣ ተንቀሳቀስ» አለች ዲቦራ። አቶ ይገዙ ምን እንደሚያንቀሳቅሱ አላወቁም። ከወዲያ አንዲት ሴት «ፎቶውን ላከችልን፣ ያው ትናንት ያየነው ነው» ብላ ስታለቅስ ተሰማ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

አቶ ይገዙ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ።

«ወዴት ነው?» አለ ማዕረግ።

«ልታይ ነዋ።»

የተሳፈሩበት ሃይሩፍ ሚኒባስ ከአምቦ ሲወጣ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። አባትና ልጅ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። ጉደርን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ ከኋላ ወንበር ሁለት ሴት ተማሪዎች እያጮለቁ ያዩዋቸዋል፤ ይሳሳቃሉ፤ መልሰው ያያሉ። በመጨረሻ አንደኛዋ ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ እርስዎ ሞተዋል እኮ» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ይገዙ።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ይገዙ ወደ ዲቦራ ዞር ብለው፣ «እስቲ አሳዪኝ» አሉ።

ዲቦራ ገጹን ከፍታ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። የመብራቱን አዩ፤ የዲግሪውን አዩ፤ የሽማግሌዎቹን አዩ። ጌዶ እስኪደርሱ አዩ። አልሳቁም፤ አልተቆጡም። ዲቦራ የሆነ ነገር እስኪሏት ጠበቀች፤ ስድብ ቢሆን እንኳ ይቀላት ነበር። አንዱ ፎቶ ላይ ግን ጣታቸውን አቆሙ።

«ከኋላዬ ገመዱ ላይ የተሰጣው የውስጥ ሱሪዬ ነው።»

«አላየሁትም ነበር፣ አባዬ።»

«አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። አንቺ ብቻ ነሽ ያላየሽው።»

ስልኩን መለሱላትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም።

ከጌዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ሙቀቱ ይጨምራል፤ በግራም በቀኝም የደረሰ በቆሎ ይቆማል። ኢጃጂ ላይ ኬላው ጋ ቆመው ሳለ ሃዊ ደወለች። ሰዉ በአባትሽ ሞት ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ቀልድ ነው ይላል፣ ግማሹ ሐዘንተኛ ላይ አትቀልዱ እያለ ይሳደባል፤ የሚከተለን እያደገ ነው፤ አንድ ነገር ማውጣት አለብን አለቻት።

«በሕይወት አለ ብለሽ ጻፊ» አለች ዲቦራ።

«ጽፌ ነበር። ጭራሽ አመኑ። ቤተሰቡ መርዶ እስኪነገር እየደበቀ ነው አሉ። ቪዲዮ ቅጂ፣ ዲቢ። ሲራመዱ፣ ሲናገሩ። ባኮ ሲገቡ ቅጂያቸው እስቲ።»

ዲቦራ እሺም እምቢም አላለችም። የቀረውን መንገድ ግን ቪዲዮው ላይ የሚጻፈውን ስታስብ ሄደች። «ሟች በራሳቸው ለቅሶ ሲገኙ።» ረዘመ። «ሟች ሲመጡ።» ይህ ይሻላል።

ኦቦ ዲንሳ ግቢ ሲደርሱ ወንዶቹ ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሴቶቹ ለነገ ለቅሶ የሚሆን ንፍሮ የሚቀቀልበትን ድስት ያጥባሉ። ሁሉም ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። አቶ ይገዙ በሩን ገፍተው «እንዴት ዋላችሁ» አሉ። የመለሰ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። አንዲት ሴት የያዘችውን ድስት ለቀቀችው። ኦቦ ዲንሳ ተነሥተው መጥተው የአቶ ይገዙን ክንድ ጨመቁ፤ ከዚያ ትከሻቸውን ጨመቁ፤ ሥጋ ገዝቶ እንደሚመርጥ ሰው።

«ደህና ነህ» አሉ።

«ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

ያኔ ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ለሐዘን የተዘጋጀ ሰው ሐዘኑ ሲቀርበት እንደሚስቀው ያለ ሳቅ ነው፤ ከሆድ የሚወጣና ማቆሚያ የሌለው። አቶ ይገዙን አንዱ ሲያቅፍ ሌላው ሲለቅ፣ «ማን ነበር መጀመሪያ ያለቀሰው? አንተ ነህ፤ ብድር አለብህ መሰለኝ» እየተባባሉ ቆዩ። ከዚያ ኦቦ ዲንሳ፣ «በሉ ወደ ጌጤነሽ እንሂድ፤ ደስታውን አብረን እንይ» አሉ። ሁሉም ተነሣ። ዲቦራ ስልኳን ከፍታ ከኋላ ተከተለች። በስክሪኑ ውስጥ አባቷ ፊት ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው መንገዱን ሞልተው ሲሄዱ ይታያሉ። ጥሩ ብርሃን ነበር።

ምን እንደሚመስሉ ያሰበ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ደጃፋቸው ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ድምፅ ሰምተው ቀና ሲሉ ሳይናገር መጥቶ የማያውቅ ወንድማቸው ከፊት፣ የእድሩ ዳኛ ከጎኑ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰፈር በሙሉ ከኋላው ቆሟል። በቆሎው ከጭናቸው ላይ ተንከባለለ። በዓይናቸው ሰዎቹን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ የሚፈልጉትን ሰው አላገኙም።

«ኦሊቃን?» አሉ። ከዚያ ጮሁ። «ኦሊቃን! ኢልማ ኮ! ልጄን!»

«እትዬ፣ የለም፣ የለም» አሉ አቶ ይገዙ እየሮጡ። «ኦሊቃ ደህና ነው፤ ምንም አልሆነም።»

ደህና ነው ሲባሉ ወደቁ።

ሰው ሁሉ ሮጠ። ውሃ የሚል፣ አየር ስጡ የሚል፣ ባጃጅ ጥሩ የሚል ተደበላለቀ። ዲቦራም «አዳዳ፣ አክስቴ» እያለች ሮጣ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። በባጃጅ ወስደዋቸው ጤና ጣቢያው ደጃፍ ደርሳ ስልኳን ኪሷ ልትከት ስትል ነው ቀዩ ነጥብ አሁንም ሲበራ ያየችው። እጇ እስከዚያ ድረስ ሲቀዳ ነበር።

ነርሷ የደም ግፊቱን ለክታ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ ብላ በሩን ዘጋች። ልባቸው ቻለው። ያልቻለው ጆሯቸው ነው። ኦሊቃ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በቆሎ ጭኖ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻው ነበር። ደወሉለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። «መንገድ ላይ ሆኖ ነው፣ እትዬ፤ ባትሪ ዘግቶበት ነው» ቢሏቸው ወይዘሮ ጌጤነሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔም ለስንቱ ብያለሁ» አሉ። «የከበደች ልጅ የሞተ ጊዜ ባትሪ ዘግቶበት ነው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዲቦራ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ እውነት የሚባለው ነገር በዚህ አገር በምን ቃል እንደሚነገር አሰበች፤ አላገኘችውም። ደብረ ጨን ቢሆን፣ አለች ለራሷ፣ ሰው ሲሞት ሞተ ይላሉ፣ ሲኖርም አለ ይላሉ። ነገር ግን ደብረ ጨን ላይ ለእሷ ያለቀሰላት ሰው ስላልነበረ ንጽጽሩ ብዙም አላስኬዳትም።

ኦሊቃ በማግስቱ ረፋድ ላይ ከተፍ አለ። እሱ ደግሞ ጌዶ ላይ ቁርስ ሲበላ አጎቱ መሞታቸውን ሰምቷል። ባኮ ሲደርስ እናትህ ጤና ጣቢያ ናት ብቻ ብለውት፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ «ኤሱማ፣ ኤሱማ ኮ፣ አጎቴን» እያለ እንባውን እያፈሰሰ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። በሩ ላይ ከአቶ ይገዙ ጋር ተገጣጠሙ። ኦሊቃ ቆመ። አቶ ይገዙ አንገቱን ይዘው ሳሙትና፣ «ለእኔ ኋላ ታለቅሳለህ፤ አሁን ግባ፤ እናትህ አንተን እያለቀሰች ነው» አሉት።

ወይዘሮ ጌጤነሽ ልጃቸውን አላቀፉትም። መጀመሪያ ፊቱን ዳሰሱት፣ ጆሮውን ዳሰሱት፣ ከዚያ በጥፊ መቱት። ቀስ ብለው ነው፤ ሆኖም ጥፊ ነው። «ስልክህን ዘግተህ አትሙት» አሉት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት። ነርሷ ግፊታቸውን ደግማ ለካችና ወርዷል አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተው አልጋ ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ተቀመጡ። ጎረቤቱ እየገባ እየወጣ ይስቃል። የለቅሶው ንፍሮ ተቀቅሎ ለደስታ ተበላ። ሰዉ ሳሳ ሲል አቶ ይገዙ ጠየቁ።

«ቆይ፣ እኔን ገና ሳታዪ ምን ሰምተሽ ነበር? ዲንሳ አልነገርኳትም ይላል።»

«ማን ይነግረኛል? ትናንት ጠዋት የዲንሳ ሚስት መጥታ እንጨቴን ፈለጠችልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆና እንጨት ስትፈልጥልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ያኔ አንድ ሰው እንደሞተብኝ አወቅሁ። አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ተስማማሁበት። ዕድሜህ ነው። ነገ ሲነግሩኝ አለቅሳለሁ ብዬ በቆሎዬን መፈልፈል ጀመርኩ። አንተ በእግርህ ስትገባ የቀረው ማነው? ኦሊቃ ብቻ ነው።»

አቶ ይገዙ፣ «በቆሎ እየፈለፈልሽ ነው የተስማማሽብኝ» አሉ።

«ሰባ ሊሞላህ ነው፣ ይገዙ።»

«ስልሳ ስምንት ነው።»

ኦሊቃ ሳቀ። ዲቦራ እግርጌ ተቀምጣ ነበር። ሃዊ ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ነው፤ አላነሳችላትም። ወይዘሮ ጌጤነሽ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ነይ እዚህ። አሳዪኝ።»

«ምኑን፣ አዳዳ?»

«ስልክሽን ከፍ አድርገሽ ከኋላቸው ስትመጪ አይቼሻለሁ። የታመመው ልቤ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

ዲቦራ አባቷን አየች። ከዚያ ፊት እርዳታ አይገኝም። ቪዲዮውን ከፍታ ለአክስቷ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ጌጤነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩ። መንገዱ ታየ፤ የወንድማቸው ጀርባ ታየ፤ ደጃፉ ታየ። ጩኸቱ ሲወጣ ኦሊቃ ፊቱን አዞረ። እሳቸው ግን ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ፤ የማያውቁትን ሰው ለቅሶ እንደሚሰማ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

በጣታቸው የስክሪኑን አናት ጠቆሙ።

«ይሄ ከላይ እየወረደ ፊቴን የሚሸፍነውስ?»

«መልእክት ነው። ሰዎች ናቸው፣ አዳዳ። አባዬ ሞቷል ወይ ይላሉ። ሃዊ ደግሞ ቪዲዮ ካለ ላኪ ትላለች።»

«ይሄንን?»

«ይሄንን።»

«ብትልኪው መኖሩን ያምናሉ?»

«ያምናሉ። ይስቃሉም።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ ቪዲዮውን እንዴት እንደሚመልሱት ጠይቀው በጣታቸው መለሱት። በቆሎው ከጭናቸው የሚንከባለልበት፣ አፋቸው የሚከፈትበት፣ የሚወድቁበት ቦታ ላይ አቆሙት።

«እዚህ ጋ ነው የሚስቁት?»

ዲቦራ ልትዋሽ ትችል ነበር። ግን ይህን አንድ ነገር በትክክል ታውቀዋለች፤ ሥራዋ ነው። ከበቆሎው አንድ ሰከንድ ቀጥሎ፣ አባቷ በዚያ ፊታቸው «ደህና ነው» ሲሉ፣ እሳቸው ሲወድቁ። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ የሚስቀው ሰው ድምፅ ይሰማት ነበር። እሷም ሐንጋሪ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ብታየው ኖሮ ትስቅ ነበር።

«አዎ፣ እዚያ ጋ ነው» አለች።

ወይዘሮ ጌጤነሽ አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እዚህ ጋ ኦሊቃን ቀብሬዋለሁ» አሉ። «አፈሩን ሁሉ አይቼዋለሁ።»

ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። አቶ ይገዙ መነጽራቸውን አውጥተው በሸሚዛቸው ይወለውሉ ጀመር።

«ባትልኪውስ?» አሉ ወይዘሮ ጌጤነሽ።

«አባዬ ሞቷል እንደተባለ ይቀራል። ምን ብዬ ብጽፍ አያምኑም።»

«ይቅር» አሉ አቶ ይገዙ ከመነጽራቸው ቀና ሳይሉ። «ሺህ ጊዜ ቢሉ ምን ያመጣል? ቀብር ሲያጡ ይተዉታል።»

ዲቦራ ስልኩን ተቀብላ ለሃዊ «ቪዲዮ አልልክም፤ ገጹን አንቺ ያዢው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ልታጠፋው ጣቷን ቪዲዮው ላይ ስታደርግ አክስቷ እጇን ያዙ።

«ማነው አጥፊው ያለሽ?»

«ለማንም ካልተላከ ብዬ ነው።»

«የኔ ለቅሶ ነው፤ እኔ አየዋለሁ። ያንን የሚወርደውን ብቻ ዝጊልኝ።»

ዲቦራ ዳታውን አጠፋች። ከላይ የሚወርደው ቆመ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ትራሱን አስተካክለው ልጃቸውን በክንዱ ወደ አልጋው ሳቡት።

«ፊትህን አታዙር፣ አንተ» አሉት። «ና፣ ተቀመጥና እይ፤ እናትህ እንዴት አድርጋ እንዳለቀሰችልህ።»